በካባ ያዡ እግር ሥር

መቱ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእታፈራሁ ሸዋንግዛው፣ አዲስ አበባ።

ልጄ ሆይ፤ ሰላምታዬ እንደ ሶር ወንዝ ሳይቋረጥ ይድረስሽ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ጉልበቴም ሆዴም ደህና ስላልሆኑ አልዋሽሽም። ከብቶቹ ደህና ናቸው። አክስትሽ ወለተ ማርያም ደህና ናት፤ ስትጨቃጨቀኝ ትውላለች።

እኔ ፊደል እንደማልለይ ታውቂያለሽ። ይኼን የሚጽፈው ልጅሽ ገብረ መድኅን ነው። ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ደፍቷል፤ ቀለም ነክቶታል። ነገሩ ስለ ራሱ ስለሆነ በየመሐሉ «ይኼንንም ልጻፈው?» ይለኛል። ያልሁትን ሁሉ ጻፍ፤ ጸሐፊ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም ብዬዋለሁ።

ጉዳዩን ቀድሜ ልንገርሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ልጅሽ የፊታችን ሐሙስ ከቡና ነጋዴው ከምንዳዬ ጋር ወደ አንቺ ይነሣል። ተቀበይው። ዓይኑን ሐኪም ያይለት፤ መነጽር ይደረግለት። ወደዚህ እንዳትመልሽው። ለምን እንደሆነ እንግዲህ ስሚ።

ጎሬ፣ ፊታውራሪ ደርበው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ እንደገባ አምና አስጽፌልሻለሁ። እጁ የተመሰከረለት ነበር። ፊደሉ እንደ ዶቃ የተሰካ ነው ይሉታል። እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ ለእኔ ሁሉም ጉንዳን ነው። መስከረም ላይ አንድ ቀን ከሥራው ወጥቶ ዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ ዳዊቱን ሲያነብ ፊታውራሪ ከነአጃቢዎቻቸው በማዶው መንገድ አለፉ። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ሸማውን አደገደገ፤ እጅ ነሣ። ይኼ ልጅ ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ። ዓይኑን አጨንቁሮ እንዲህ አደረገና (አሁን እያደረግሁ አሳየዋለሁ፤ እሱ እንደሆነ አያይ) ተመልሶ ንባቡን ቀጠለ።

ፊታውራሪ በቅሏቸውን አቆሙ አሉ።

«ማነው ያ?»

«የእርስዎው ጸሐፊ ነው፣ ጌታዬ።»

«አየኝ አይደል?»

«አይቷል፣ ጌታዬ።»

«አጨንቁሮ ነው ያየኝ?»

ማን አይደለም ይበል? ሁሉም አይተዋል። በማግሥቱ ከሥራው ተባርሮ መቱ መጣ።

እኔም ተቆጣሁ። «በማን ዘር ነው እንዲህ የምትኮራው? ኩራት ካማረህ የእኔው ለሁለታችን ይበቃል» አልሁት። «አላየኋቸውም፣ አባባ» አለኝ። «አጨንቁረህ አይተሃል!» ስለው፣ «ሳጨነቁር ትንሽ ስለሚጠራልኝ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩን የገለጠልኝ ጎረቤታችን ኦቦ ጉዲና ነው። አጥር ተደግፎ ጭቅጭቃችንን ሲሰማ ቆየና «ጉርባን ኩን ሂን አርጉ» አለኝ፤ ይኼ ልጅ አያይም ማለቱ ነው። «ላሜ ጠፍታብኝ፣ አይተሃት እንደሆነ ብጠይቀው የለችም አለኝ። ላሚቱ ከፊቱ ቆማ ሣር ትግጣለች!» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጁን ይዤ ወደ ሶር ቁልቁል ወረድሁ።

«ማዶ የቆመው በሬ መልኩ ምንድን ነው?» አልሁት።

«የቱ በሬ?»

«ዛፉ ሥር ያለው።»

«የቱ ዛፍ?»

ሽቅብ ይዤው ተመለስሁ።

ቤት ስንመለስ ወለተ ማርያም መርፌና ክር ሰጠችው። ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ወዲያው አሾለከው፤ እሷ ጥዋት ሙሉ ስትታገለው የዋለችውን። ጉንዳን የሚያይ፣ በሬ የማያይ! ይኼ ምን ዓይነት ዓይን ነው?

ያልሞከርሁት መድኃኒት የለም፤ ሰነፍ አያት ነው እንዳትይኝ። ዳፍንት ነው ቢሉኝ የፍየል ጉበት አበላሁት። ዳፍንት የያዘው ሲመሽ ነው የሚጋረድበት፤ ይኼ በጠራራ ፀሐይም አያይ። ጠበል ወሰድሁት። ቄሱ «ምንም የለበትም፤ ዓይናፋር ነው» ብለው ሰደዱን። አንዲት ሴትዮ ኩል ኳለችው፤ ሙሽራ መሰለ እንጂ አላየም። ዋግምት የሚያደርግ ሰው ግንባሩን በጥቶ ደም አወጣለት። ጠባሳው አለ፤ ስታዪው አትደንግጪ።

ከዚያ ነው መነጽር ላኪ ብዬ ለአንቺ ያስጻፍሁት። መነጽሩን ላክሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁ አደረገው። «እንዴት ነው?» ስለው «ጭራሽ ጠፋ። እርስዎም ጠፉ» ብሎ አውልቆ ሰጠኝ። እንዲያው ለነገሩ እኔ አፍንጫዬ ላይ ባስቀምጠው የመዳፌ መሥመር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አውራ ጣቴ ውስጥ እሾህ ኖሯል፤ ስንት ጊዜ ሲወጋኝ የከረመ! አልመልስልሽም፤ ወስጄዋለሁ። አሁን ልጅሽ የሚጽፈውን ፊደል ሁሉ ጥርት አድርጌ አየዋለሁ፤ ምን እንደሚል ብቻ አላውቅም። እሱ የሚለውን ያውቃል፤ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አያውቅም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።

ኅዳር ላይ ጎሬ ወዳለው ፈረንጅ ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ ግድግዳ ላይ ምልክት ሰቅሎ «ይኼስ? ይኼስ?» እያለ ጠየቀው። ልጁ ከላይ ያለውን ትልቁን ብቻ አየ። ከዚያ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ነገሩን አስረዳኝ። የልጁ የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ረዝሟል። ከሩቅ የሚመጣው ምስል ዓይኑ ውስጥ ከኋላ ግድግዳው ላይ ማረፍ ሲገባው፣ ሳይደርስ ከፊት ይቀራል። ከቅርብ የሚመጣው ግን ደህና አድርጎ ይደርሳል። እኔ የተወረወረ ጦር ጋሻው ዘንድ ሳይደርስ መሬት ሲወድቅ አይቼ ስለማውቅ ገባኝ።

«ቢላ ይነካዋል? ጠብታስ?» አልሁት።

«ቢላም ጠብታም የለውም። ዓይኑ አልታመመም፤ ረዘመ እንጂ።»

«ንባብ ነው ያመጣበት?»

«ንባብ ሊያባብሰው ይችላል ይላሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው፤ ቁመቱ ሲያበቃ ይኼም ይቆማል ብዬ አስባለሁ።»

«መነጽርስ ያድነዋል?»

«አያድነውም። ሲያደርገው ያያል፤ ሲያወልቀው ያው ነው።»

«እስኪሞት?»

«እስኪሞት።»

እንዲህ ያለ መድኃኒት አልወድም። ሰውዬው ግን አልዋሸኝም። አንቺ የላክሽውን መነጽር አሳየሁት፤ ዳበሰውና ሳቀ። ይኼ መሐሉ ያበጠ ነው፣ ለሽማግሌ ነው፤ የልጁ መሐሉ የሰረጎደ መሆን አለበት አለ። ከዚያ አንድ ሣጥን ሙሉ ክብ ክብ መስታወት አውጥቶ በብረት ማቀፊያ ልጁ ዓይን ላይ እየሰካ ይነቅል ጀመር። አንዱን ሲሰካው ልጁ ራሱን ቀና አደረገ። ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከሐኪሙ ግቢ ፊት ለፊት ወደ ገበያ የሚያወጣ ዳገት አለ።

«ምን ታያለህ?» አልሁት።

«ሰው።»

«ሰውማ ምን ብርቅ ነው! ምን ያደርጋል?»

«አንዲት ሴት ከላይ ትወርዳለች፤ አንድ ሽማግሌ ከታች ይወጣል። ገና ሳይደራረሱ እጅ ተነሣሡ።» ቀጥሎም «አባባ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ከሩቅ ነው የሚለያየው?» አለኝ።

«በምን ኖሯል ታዲያ?»

«በድምፅና በአረማመድ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ቀልጣፋ፣ እኔ ፈዛዛ ሆኜ እንጂ።»

ሐኪሙ መስታወቱን ሲነቅልለት ልጁ ሊይዘው እጁን አነሣ። ከዚያ መልሶ አወረደው። «ይኼንኑ ስጠው» ስለው፣ ሐኪሙ መለኪያዬ ነው፣ ነገ ሌላ በሽተኛ ይመጣል፤ ለእሱ የሚሆን እዚህ የለኝም፣ አዲስ አበባ ሂዱ አለኝ። ኮርማዬን ልስጥህ አልሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ውጭ ወጣሁ። የዚያን ቀን ፀሐዩ ክፉ ነበር፤ ዓይን ያስነባል።

አዲስ አበባ ከመስደዴ በፊት ግን ስሙን ላጥራለት ብዬ በገና ሰሞን ወደ ፊታውራሪ ሽማግሌ ላክሁ። ልጅ ተባሮ ሲሄድና ታርቆ ሲሄድ አንድ አይደለም። ፊታውራሪም እሺ አሉ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና እግሬ ሥር ይውደቅ አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ከፍተው፣ ልጁ ከንቀት ሳይሆን ዓይኑ ሩቅ ስለማያይ ነው አሉ።

«አያይም?» አሉ ፊታውራሪ። ከኪሳቸው ትንሽዬ ውዳሴ ማርያም አወጡ። «ይኼን ያንብብ።»

ልጁን ከደጅ ጠሩት። መጽሐፉን አፍንጫው ሥር አድርጎ እንደ ውኃ አወረደው።

«ታያላችሁ?» አሉ ለጉባኤው። «እኔ የማላየውን ፊደል ያያል፤ እኔን አያይም! ከነጥብ አንሼ ነው?»

ሰው ሳቀ። አስፈቅጄ ሐኪሙ ያለውን ተናገርሁ፤ ዓይኑ ረዝሞ ነው አልሁ። አንዱ ከኋላ «ምላስም ይረዝማል» አለ። በዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ፤ ውሸታም ተብዬ ግን አላውቅም ነበር። ልጁን መልሰው ደጅ አወጡት፤ ክርክሩ ቀጠለ።

ጥዋት ልጁን አስጠንቅቄው ነበር። ፊታውራሪ መሐል ይቀመጣሉ፤ ጥቁር ካባ የደረቡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። ጥቁሩን ጥቁሩን እያልህ ሂድ፤ ጥቁሩ እግር ሥር ውደቅ ብዬዋለሁ። ነጭና ጥቁር አያቅተውም። ክርክሩ ሲረዝም ግን ፀሐይዋ በረታች። ፊታውራሪ ሞቃቸው። ካባቸውን አወለቁና ለአሽከራቸው ሰጡ። አሽከሩ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ከዳር ቆመ።

እኔ አየሁ። ልጁ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ከበሩ ውጭ ነው። እንዳልጮኽ፣ በእርቅ ጉባኤ መሐል የተከሳሽ ዘመድ ሳይፈቀድለት አይናገርም። ብናገር ያ የጀመርነው ሁሉ ይፈርሳል። ሳልሁ። ደግሜ ሳልሁ። ልጁ ሳሌን ዐውቋት ራሱን ነቀነቀልኝ፤ በርታ ያልሁት መስሎታል።

ግባ አሉት፤ ገባ። ደህና አድርጎ፣ አጎንብሶ ነው የሄደው፤ የእኔ ልጅ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ፊታውራሪ እግራቸውን ዘርግተው ጠበቁት። አጠገባቸው ደረሰና አለፋቸው። ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። አሽከሩ ወደሱ ሲመጣበት አይቶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጥቁሩ ሲሸሽ ልጁ ተከተለው! «ኧረ ወደዚያ ነው! እኔ አይደለሁም!» አለ አሽከሩ። ልጁ ድምፁን የሰማው ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለት እጁ የአሽከሩን እግር ይዞ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ» ብሎ ጨርሶ ነበር።

«ካባው ይማርህ!» ብሎ የጮኸውን ሰው ዐውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን አላስጽፍም። ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

ፊታውራሪ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ቀስ ብለው ተነሡና «በመንገድ ናቀኝ፤ እሱን ለብቻዬ እችለው ነበር። አሁን በሰው ፊት ለአሽከሬ ሰገደ» አሉ። «እስከ አስተርእዮ ማርያም ከአገሬ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ባገኘው በእግር ብረት ነው።» ሽማግሌዎቹ ሊይዟቸው ቢነሡ ጥለው ገቡ።

ልጁ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀና አለና «አባባ፣ የት ነዎት?» አለ።

ፊት ለፊቱ ነበርሁ።

ድንጋዩን ከአንገቱ አወረድሁለት። እጁን ያዝሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔ ባሻ ሸዋንግዛው፣ ጢም ያበቀለ ልጅ እጁን ይዤ እየመራሁ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። ጻፍ ብዬዋለሁ።

እንግዲህ የቀረው አንቺ ዘንድ ነው። ልኩ የተጻፈበት የሐኪሙ ወረቀት ዳዊቱ ማኅደር ውስጥ አለ፤ ለሚሠራው ሰው ስጪው። የሰረጎደውን በይ፤ ዳግመኛ የሽማግሌ መነጽር እንዳያስይዙሽ። ባልሽ ትልቅ ሰው ነው ይሉኛል፤ ዐይቼው አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያክብረው። እሱ ሲገባ ልጁ ካልተነሣለት አይቀየም። በሩ ላይ ቆሞ «እኔ ነኝ» ይበለው፤ ሌላ አልለምነውም። መነጽሩን ካደረገ በኋላ ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት ነህና አውልቅ የሚሉት አይጠፉም። ባርኔጣ ይወልቃል፤ ዓይን አይወልቅም፤ አባቴ ነው ያለው በያቸው።

መንገዱን እፈራለሁ፤ ይኼንንም ጻፍ አልሁት። ምንዳዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያስበው ግን ስለ ቡናው ጭነት ነው። ዴዴሳን ሲሻገሩ ልጁ የበቅሎ ጭራ እንዲይዝ፣ ሹም ሲመጣ ምንዳዬ ጎኑን እንዲጎስመው አስምዬዋለሁ። ሲጎስመው ወዴት ዞሮ እጅ እንደሚነሣ ግን ማን ይነግረዋል? ጫካ ውስጥ ጥለውት ቢቀድሙስ? ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ያገኘሁት ነገር የለም። ብወጣ ብወርድ ወንዙንም ሹሙንም ከዚህ ሆኜ አልመክትለትም። ጉልበቴ ጎሬን እንኳ በስንት እረፍት ነው የሚወጣት።

ደብዳቤ አትመልሽልኝ። ቄሱ ዘንድ ወስጄ ሲነበብ መንደሩ ከእኔ ቀድሞ ይሰማዋል። መነጽሩን ያደረገ ቀን ደጅ አውጥተሽ ሩቅ አሳዪውና፣ ምንዳዬ ሲመለስ «አየ» ይበለኝ። ይበቃኛል።

ከደጃችን እስከ ኮረብታው ጫፍ መንገዱ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ታስታውሻለሽ። የሩቁ ዓይኔ እንዳለ ነው፤ የኋለኛዋ በቅሎ ጆሮዋ እስኪጠፋ ድረስ ይታየኛል። ልጁን ሐሙስ ዞር ዞር እያልህ አትሂድ፤ መንገዱን እይ አልሁት።

«ደጅ ቆመው እንደሆነ በምን ዐውቃለሁ?» አለኝ።

«አልቆምም። ሥራ አለኝ።»

«ነጭ ከለበሱ እንደ ጉም ሆኖ ይታየኝ ነበር» አለ።

«ሥራ አለኝ አልሁህ!»

አሁንም ይኼን ሲጽፍ ቀና ብሎ ወደ እኔ ያጨነቁራል። ጻፍ።

ልጄ፣ የወለድሽውን ልኬልሻለሁ፤ እግዚአብሔር ቤትሽን ያሙቅ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው፣ ልጅሽን በደህና አስገብቶ ፊትሽን ከሩቅ ለይቶ የሚያይበትን ቀን ያምጣልሽ። እኔ ያንን ቀን ባላየውም አሜን ብዬዋለሁ።

ወለተ ማርያም ጋቢዬን አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታዋለች። ለሌላ ጉዳይ ነው።

አባትሽ ባሻ ሸዋንግዛው፤ ስለ ፊርማው የአውራ ጣቱን ምልክት አደረገ።